ወንዝ መሃል የተከፈለ ስእለት

ላማይ መድረክ ላይ ቆማ ጫማ የተወረወረባት ሴት ናት፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ይህን ስታወራ አታፍርም፤ እንዲያውም ደረቷን ነፍታ ነው የምታወራው። ሊኬ በሚሉት፣ በግጥምና በዜማ በሚሠራ የገጠር ቲያትር ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ክፉዋን ሴት ሆና ተጫውታለች፤ ጣውንቷን የምትመርዘውን፣ የእንጀራ ልጇን ጫካ የምታስጥለውን፣ በመጨረሻም ፀጉሯን ተይዛ ከመድረክ የምትጎተተውን። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የተመልካች ጫማ ምስጋና ነው። አንድ ጊዜ ሎምሳክ ገበያ ውስጥ አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ ያ ሚስኪን የእንጀራ ልጅ ምን አድርጎሽ ነው ብላ ተቆጥታ ዓሣ ከልክላታለች። ላማይ የዚያን ቀን ሩዟን በጨው በላች፤ ግን እንደዚያ ቀን ጠግባ አታውቅም።

የተወለደችው የቲያትረኞቹ መኪና ላይ፣ በአልባሳት ሳጥኖች መሃል ነው። እናቷ ንግሥት፣ አባቷ አስቂኙ ሎሌ ሆነው ይጫወቱ ነበር። እሷ ደግሞ ቅንድቧ ከተፈጥሮው ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ድምፅዋ የሩዝ ማሳ ተሻግሮ የሚሰማ ልጅ ሆነችና ገና በልጅነቷ ክፋቱ ለእሷ ተመደበ። ከበሮ መቺው ሳንጋት ከነክፋቷ ወደዳት፤ ተጋቡ፤ በየገዳሙ ዓመት በዓል እየዞሩ አብረው ሠሩ። በኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ፣ ስልክ በየኪሱ ገባ። ምንጣፉን ሞልቶ ይተርፍ የነበረው ተመልካች ሳስቶ ሳስቶ መጨረሻ ላይ ምንጣፉ ላይ የቀሩት የመንደር ውሾች ብቻ ሆኑ። ቡድኑ ሲበተን ሳንጋት ሚስቱን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ባን ዶንግያንግ ተመለሰ።

ባን ዶንግያንግ ከፌቻቡን ተራሮች ሥር፣ ጥንታዊ ከተማ ከነበረ ፍርስራሽ ጎን ያለች መንደር ናት። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት ግንቦች ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ በሾላ ሥር ታቅፎ ተኝቷል። ከፍርስራሹ ጀርባ ጫካው ይጀምራል፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ የመንደሩ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት አንድ ሌላ ግንብ አለ። ላማይ እዚያ ፍርስራሹ በር ላይ በቆሎ እየቀቀለች ስትሸጥ ኖረች። ሳንጋት ሲሞት ቀብሩ ላይ ልትዘፍንለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቆሎ ለመሸጥ ከሚበቃው በላይ ድምፅ አውጥታ አታውቅም።

ልጇ ኦይ ባንኮክ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። እናቷ መጥታ ሕፃኑን እንድትይዝላት መለመን ከጀመረች ሰነባብታለች። ላማይ የልጅ ልጇን አትጠላም፤ የምትጠላው ያንን በር ነው። አንድ ጊዜ ለጥየቃ ሄዳ ሳለች ከፊት ለፊቱ በር ያለችውን ሴትዮ ሰላም ብትላት ሴትዮዋ ደንግጣ በሩን ዘግታባታለች። ጫማ ወርውራባት ቢሆን ይሻላት ነበር።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው መንደሩ እንግዳ ራሱ ሊቀበል የተነሣው። እስከዚያ ድረስ ቱሪስት ከከተማ በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል፣ የራሱ አስጎብኚ ፍርስራሹን ያዞረዋል፣ ከዚያ አንድ በቆሎ እንኳ ሳይገዛ ይመለሳል። አሁን ግን መንደሩ የግማሽ ቀን ጉዞ አሰናዳ፤ ጠዋት ፍርስራሹን፣ ቀጥሎ ጫካውን፣ ጫካው ውስጥ ያለውን ግንብ፣ ከዚያ በገዳሙ አዳራሽ ምሳ። የቀረው አስጎብኚ ብቻ ነበር። ጫካውን የሚያውቁት ወንዶች ሰው ፊት ሲቆሙ ምላሳቸው ይታሰራል፤ ምላስ ያላቸው ወጣቶች ደግሞ ባንኮክ ናቸው። በስብሰባው ላይ ላማይ እጇን ስታወጣ ቤቱ ፀጥ አለ። አንዷ ሴትዮ፣ እንግዶቹን መርዛ እንዳትጨርሳቸው ብላ በሹክሹክታ ስትናገር ሁሉም ሰማት።

የመንደሩ ሹም ፕራዩን ወታደር የነበረ፣ የካኪ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲስቅ ያየው ሰው የሌለ ሰው ነው። አንድ ጉዞ ትሞክር፣ እኔም ከኋላ ሆኜ አያለሁ አለ። ከዚያም ራሱ የጻፈውን ወረቀት ሰጣት፤ የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ የተደረደረበት።

«ከዚህ ውጭ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ እትዬ ላማይ» አላት። «ቲያትር የለም። ሰው የሚመጣው ታሪክ ሊሰማ ነው።»

ላማይ ለልጇ ደወለችና ጉዞው ከተበላሸ እመጣልሻለሁ ብላ ቃል ገባች። ኦይ ደስ ብሏት የአልጋ ዋጋ መጠየቅ ጀመረች። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከተሳካላት እዚህ፣ ሳንጋት በተቀበረበት፣ ሰው ሁሉ በስሟ በሚጠራት መንደር ትቀራለች፤ ካልተሳካላት ያ አራተኛ ፎቅ ይጠብቃታል።

እንግዶቹ ሊመጡ ዋዜማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ላማይ ጃስሚን ጎንጉና፣ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ይዛ ወደ ጥቁሩ አያት ሄደች። ጥቁሩ አያት የፍርስራሹ ጠባቂ ነው፤ የዕጣን ጭስ ያጠቆረው፣ አፍንጫው የተሸረፈ የድንጋይ ምስል። መንደሩ ውስጥ ፈተና ያለበት ተማሪም፣ ሎተሪ የቆረጠም፣ ምጥ የያዛትም እሱ ዘንድ ነው የሚሳለው። አማቷ በሕይወት ሳለች ደጋግማ አስተምራታለች፤ ስትሳዪ ምን እንደምትሰጪ፣ ምን ያህል እንደምትሰጪ፣ መቼና የት እንደምትሰጪ ለይተሽ ተናገሪ፤ አያት የተባለውን ይይዛል እንጂ የታሰበውን አይዝም።

ላማይ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ሲፈሩ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ይጠፋል። እንግዶች ከሁሉ አስበልጠው የሚመኙት ቀንዳሙን ወፍ ማየት ነው፤ ምንቃሩ ላይ ቢጫ ቀንድ የተደረበለትን ያንን ትልቅ ወፍ። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ያየው ሰው የለም። ተንበርክካ፣ እጆቿን ግንባሯ ላይ ገጥማ፣ «አያቴ፣ ቀንዳሙን ወፍ ለእንግዶቼ አሳይልኝ እንጂ ያኔውኑ፣ እዚያው በቆምኩበት የሊኬ ጨዋታ እጫወትልሃለሁ» አለች።

ቤቷ ልትደርስ ስትል ነው የተናገረችው ነገር የገባት። እዚያው በቆምኩበት! የት ቆማ ሊሆን ነው? ተመልሳ ልታስተካክለው አሰበች፤ ግን የተነገረ ስእለት አይታረምም፤ ይኼንን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሹሙ ቲያትር የለም ያለውም ትዝ አላትና ራሷን ስትረግም አመሸች።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ ጡረታ የወጡ የባንኮክ መምህራን። አለቃቸው መምህርት ኡቦን ናት፤ አጭር፣ ምርኩዝ የያዘች፣ ሰው ስታይ ፈተና የምታርም የምትመስል አሮጊት። ላማይ አዲሱን የአስጎብኚ ሸሚዝና የጎማ ቦቲዋን አድርጋ ከግንቡ ፊት ቆመችና ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች። ይኼ ንጉሥ በዚህ ዓመት ገነባ፤ ያኛው በዚያ ዓመት አደሰ። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ አሰለቻት። አንዱ መምህር የሾላ ሥር ላይ ተቀምጦ በባርኔጣው ያራግብ ጀመር፤ ሌላዋ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀች። መምህርት ኡቦን ባርኔጣዋን አፏ ላይ ጋርዳ አዛጋች።

በግንቡ ዙሪያ ኩምቢያቸው የተሰበረ የድንጋይ ዝሆኖች ተደርድረዋል። ከመሃላቸው አንዱ ዞር ብሎ ጎረቤቱን በክፉ ዓይን ያያል። ላማይ በቆሎዋን ስትሸጥ ስንት ዓመት አይታው ከእሱ ጋር ስታወራ ኖራለች። ስለ እሱ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሹም ፕራዩን ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። አፏን ዘጋችና ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ሆድ ባሳት። ባንኮክ ገብታ ያንን በር ቆማ ስታየው ታያት።

ወደ ጫካው የወሰዳቸው ካምላ ነው፤ የሳንጋት ታናሽ ወንድም፣ የእርሻ ሞተር የተገጠመለት ጋሪ ነጂ። ጫካው አፋፍ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና ደንቡን ነገራቸው። ጫካ ውስጥ የሰው ስም አይጠራም፤ የአውሬም ስም አይጠራም። ዝሆን «አባባ» ነው፤ ነብር «ጌታው» ነው። ዛሬ ምንም አላየንም የሚባል ነገር የለም፤ እንዲህ ሲባል ሰምተው የሚመጡ አሉ። መምህራኑ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ በእግራቸው፣ አልቅት እንዳይገባ ካልሲያቸውን ሱሪያቸው ላይ እየሳቡ፣ ተከታትለው ገቡ።

ብዙም ሳይሄዱ መንገዱ ላይ ጉብ ያለ ትልቅ እበት አገኙ። ካምላ ጎንበስ ብሎ እጁን ከላዩ ዘረጋና አባባ ቁርሳቸውን በልተው አሁን ነው ያለፉት አለ። እንግዶቹ ተጠጋጉ፤ ፍርሃትና ደስታ ፊታቸው ላይ ተምታታ። ሹም ፕራዩን ሸሚዙን ወደ ሱሪው ውስጥ መልሶ መላልሶ ይከታል። ላማይ ወረቀቱ ላይ ስለ አባባ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ዝም ብላ ቀደመች።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ጥልቅ አይደለም፤ ከጉልበት ከፍ ይላል፣ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል። ላማይ መሃል ገብታ ቆመችና እንግዶቹን አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዘች አሻገረች። መጨረሻ ላይ መምህርት ኡቦንን ደግፋ ለካምላ አቀብላ ቀና ስትል ከላይ አንድ ድምፅ መጣ። ሴት ዱቄት ስትነፋ ወንፊቱ እንደሚያሰማው ዓይነት፣ ግን ሰማይ የሚያህል ወንፊት። ሁለት ጥቋቁር ትላልቅ ወፎች ከዛፎቹ በላይ አለፉና ከወንዙ ዳር ሾላ ላይ ዐረፉ። ወንዱ ቢጫ ቀንዱን አዘንብሎ ፍሬ ቀጠፈ፤ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ያዘው፤ ተሻግሮ ሴቷን አጎረሳት።

ያ ሲያራግብ የነበረው መምህር ባርኔጣው ከእጁ ወድቆ ውሃ ወሰደው፤ አላየውም። ላማይ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያው እንባዋ ደረቀ። እግሯን አየች። ወንዝ መሃል ናት።

«አንተ» አለች ለካምላ በለሆሳስ። «ጉድ ሆኛለሁ።»

«ምነው እትዬ፣ አልቅት ገባብሽ?»

«ተስያለሁ። ወፉ ከታየ ያኔውኑ፣ በቆምኩበት ሊኬ እጫወታለሁ ብያለሁ።»

ካምላ ውሃውን አየ፣ ቦቲዋን አየ፣ ከዚያ ፊቷን አየ። «በቆምኩበት? የምትቆሚበትን ሳታውቂ? እትዬ፣ እናቴ ስንት ዓመት ነው የለፋችብሽ?»

ሹም ፕራዩን የካምላን ድምፅ ሰምቶ ነገሩ ሲገባው ፊቱን ቅጭም አደረገ። ገና ሳይሻገር፣ ከወዲያኛው ዳር፣ ጫማው እንዳይርስ ከድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ስእለቱ ስንመለስ አያት ፊት ይከፈላል፤ ጫካ ውስጥ ጩኸት የለም አለ። ካምላ ግን ቁጭ አለ። አባባ ከፊት ለፊት እያሉ፣ ያልተከፈለ ስእለት ተሸክማ ከምትሄድ ሴት ኋላ አንድ እርምጃ እንደማይራመድ ተናገረ። ሁሉም ወደ መምህርት ኡቦን ዞሩ። አሮጊቷ ምርኩዟን አሸዋው ላይ ተከለች።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ሳይንስ ነው» አለች። «ሳይንሱ ባለበት ይቆየን። ይህቺ ልጅ ስእለቷን ትክፈል።»

ላማይ ጥርሷን ነክሳ ወገቧን ያዘች። እጇን አነሣች፣ ጣቶቿን ወደ ኋላ ለጠጠች፤ ይኼን አካሏ አልረሳውም። ከዚያ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ወጣ። እንደገና ከፈተች፤ ያው ትንፋሽ። ከበሮ የለም፤ ሳንጋት የለም። እንግዶቹ ዓይናቸውን ሰበሩ። እንዲህ ከሆነ አለቀ፣ ባንኮክ ነኝ ብላ አሰበች።

ክፉ ሴት ባዶ ሜዳ ላይ ክፉ መሆን አትችልም፤ የምትከፋበት ሰው ያስፈልጋታል። ላማይ ዓይኗን ስታንከራትት ድንጋዩ ላይ ክንዱን አጣምሮ የቆመውን ሹም አየችው። ሸሚዙ ላይ አንድ እጥፋት የለም። ያን ሁሉ ያነበበችውን ዓመተ ምሕረት፣ የዋጠችውን ቃል፣ የቀረባትን የድንጋይ ዝሆን አሰበች። ቅንድቧ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ድምፁም ወጣ፤ መጀመሪያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለና ከዚያ ወንዙን ሞላው።

«ና እስቲ ወዲህ ውረድ፣ አንተ ባለ ካኪ፣
የሰው አፍ ለጓሚ፣ የራስ ቃል ሰባኪ፤
ንግሥትህ ከውሃ፣ ካልቅት ጋራ ቆማ፣
አንተ ዳር ቀረህ ወይ፣ እንዳይርስህ ጫማ?»

ወፎቹ አልሸሹም ብል ውሸት ይሆናል፤ በመጀመሪያው መስመር ነው ተነሥተው የበረሩት። ግን ወደ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም። መምህራኑ በሳቅ ተያያዙ፤ አንዷ ሆዷን ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ላማይ አላቆመችም። ቦቲዋ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ ወገቧን እያወዛወዘች፣ ጣቷን ሹሙ ላይ እየቀሰረች፣ መርዙን በየትኛው ጽዋ እንደምታጠጣው ነገረችው። ካምላ ባዶ ጀሪካን አንሥቶ ከበሮ አደረገው።

ከዚያ ግጥሟን ጨርሳ ቆመች። ሊኬን የሚያውቅ ሁሉ ይኼን ያውቃል፤ የተሰደበ ሰው በግጥም ይመልሳል፤ ካልመለሰ ጨዋታው ይሞታል፤ ግማሽ የተከፈለ ስእለት ደግሞ አልተከፈለም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመና ሁሉም ሹም ፕራዩንን ተመለከቱ። ሹሙ ፊቱ ቀላ፣ ጆሮውም ቀላ። ላማይ ያሾፈችበት ሰው ነው ዳኛዋ።

ሹም ፕራዩን ከድንጋዩ ላይ ወረደ። ከነጫማው፣ ከነተተኮሰ ሱሪው ውሃው ውስጥ ገብቶ ፊቷ ድረስ መጣ። እንደ ወታደር ቀጥ አለ፤ ከዚያ እጆቹን ገጥሞ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቀጭን ድምፅ ዘፈነ።

«እሺ ወረድኩልሽ፣ ንግሥቴ ሆይ ማሪኝ፣
ጫማዬ ሞላልሽ፣ አልቅቱን አንሺልኝ።»

የሆነውን ለመናገር ይከብዳል። መምህራኑ እየጮሁ አጨበጨቡ፤ ካምላ ጀሪካኑን ሊሰብረው ደረሰ። ሹሙ ልጅ ሳለ ከእናቱ ተደብቆ ከመድረክ ጀርባ ቁጭ ብሎ ሊኬ ያይ እንደነበር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በዚህ ጫጫታ መሃል ከተራራው ጫፍ ሌላ ድምፅ ተነሣ። ጅራት አልባዎቹ፣ ክንደ ረጅም ጦጣዎች ናቸው፤ ሴቷ ጀመረች፣ ረጅም፣ እየወጣ እየወጣ የሚሄድ ጥሪ። ላማይ አንገቷን ቀና አደረገችና መለሰችላት። ጦጣዋ እንደገና ጀመረች፣ ከበፊቱ ከፍ አድርጋ፣ እንደተናቀ ሰው። ሁለቱ እንዲህ ተራ በተራ ተፎካከሩ። ላማይ ያን ሁሉ ዓመት የት እንዳስቀመጠችው የማታውቀው ድምፅ ከሆዷ እየተመዘዘ ሲወጣ፣ ሳንጋት ይስማው አይስማው ሳታውቅ፣ ደስ አላት። በቃ፣ ደስ አላት።

ሁለቱም ተሻግረው ጉዞው ሲቀጥል ካምላ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ከፊት፣ ቀርከሃው ውስጥ፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማል፤ ግን እየራቀ ነው። ጎንበስ ብለው በክፍተቱ ሲያዩ አንድ ግራጫ ግዙፍ ጀርባ፣ ከነጆሮው፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል ሲወርድ ታየ። ካምላ አባባ መንገድ ለቀቁልን አለ፤ ዘፈኑ አሰልችቷቸው ይሁን አክብረውት፣ አልተናገረም። መምህራኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው፣ ቀርከሃው መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ አዩ።

ጫካው ውስጥ ያለው ግንብ ጋ ሲደርሱ ላማይ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ውሃ ጠጥቶ ተጣብቋል። ሹም ፕራዩን ከእጇ ወሰደው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«በይ እንዳወቅሽ» አለ ሌላ ሳይጨምር።

የግንቡ በር አጠገብ አንዲት የድንጋይ ሴት አለች፤ ወገቧ፣ ጣቶቿ፣ እግሯ ላይ ያለው አልቦ ሳይቀር ደህና ነው፤ ፊቷ ግን የለም። ከላማይ ልደት በፊት ሌባ በመሮ ፈልጦ ወስዶታል። ላማይ ከጎኗ ቆመችና እንደ እሷው እጇን አጠፈች። ስለ ንጉሡም ስለ ዓመቱም አላወራችም። ፊት የሌላት ሴት ብትናገር ምን እንደምትል ነው የተናገረችው። ፊቷ የትኛው ሀብታም ቤት፣ የትኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ፣ እዚያ ቤት ሲስቁ ትሰማ እንደሆነ ጠየቀች፤ ያንን ሌባ ደግሞ በዚያ በመድረክ እርግማኗ ረገመችው፤ አንድ የጨከነ ቃል ሳታስቀር። መምህራኑ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። መምህርት ኡቦን ቀርባ የድንጋይዋን ሴት እጅ በእጇ ነካችና፣ ነጠላ ጫማዋን ልትወረውር እንደተነሣች ተመልካች ዞር ብላ ላማይን ተመለከተቻት፤ በፍርሃትና በፍቅር።

ሲመለሱ ያንን በክፉ ዓይን የሚያየውን የድንጋይ ዝሆን እንግዶቹ ራሳቸው አገኙት። ስለ እሱ ንገሪን አሏት፤ ነገረቻቸው። ምሳ የደረሱት ዘግይተው ነው።

በገዳሙ አዳራሽ የመንደሩ ሴቶች የቀርከሃ ቡቃያ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የሚጣበቅ ሩዝ አቅርበው ሲጠብቁ፣ ሹማቸው እስከ ወገቡ እርጥብ ሆኖ ሲገባ አይተው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ያቺ በስብሰባው ላይ ስለ መርዝ ያወራችው ሴትዮ ሾርባውን ይዛ ፈዝዛ ቀረች። መምህርት ኡቦን በልታ ስትጨርስ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ሌሎቹን ጓደኞቿን ይዛ በሚቀጥለው ወር እንደምትመለስ ተናገረች፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች።

«የምታዞረን እሷ ካልሆነች ግን እንዳትደክሙ። አንመጣም።»

ሹም ፕራዩንም ተነሣ። ሰው ሁሉ ንግግር ጠበቀ። ሹሙ ግን ሱሪውን ጨምቆ፣ ከዛሬ ጀምሮ የባን ዶንግያንግ አስጎብኚ እትዬ ላማይ ናት፤ በቆሎውን ሌላ ሰው ይቀቅል አለና ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያቺ የመርዙ ሴትዮ ለላማይ ከሁሉም አስቀድማ፣ አንገቷን ደፍታ ሾርባ ጨመረችላት። ላማይ ቅንድቧን ሰቅላ ሾርባውን አሸተተችና፣ መርዝ የለበትም አይደል ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ላማይ ጥቁሩን አያት ለማመስገን ወረደች። እዚያ ስትደርስ ሹም ፕራዩን ትሪ ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል አያት ፊት ሲደረድር አገኘችው። ሊደብቀው ፈለገ፣ ግን ትሪ አይደበቅም።

«እርስዎም ተስለው ነበር?» አለችው።

«ተስዬ ነበር። እኔ ግን እንዳንቺ አልተዝረከረክሁም፤ ከምሳ በኋላ፣ እዚሁ፣ ብዬ ለይቼ ነው የተናገርኩት።»

«ለምን ተሳሉ?»

ሹሙ እንቁላሉን ማስተካከል ቀጠለ። «ያቺ ሴት እንዳታሳፍረን ብዬ።»

«ያቺ ሴት?»

«እትዬ ላማይ እንዲሳካላት ብዬ» አለ ሹሙ፤ ጆሮው እንደገና ቀልቶ። «በይ አሁን ተይኝ፣ ልጨርስበት።»

ቤቷ ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቦቲዋን ገልብጣ ውሃውን ደፋች፣ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፣ ለኦይ ደወለች። ልጅቷ ስልኩ ገና ሳይጠራ ነው ያነሣችው። እናቷ አልመጣም አለቻት። አልመጣም፤ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ አዞራችኋለሁ አለቻት። ኦይ በስጋት ጠየቀች፤

«እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል? ጎርንኗል እኮ። አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም» አለች ላማይ። «ስሠራበት ዋልኩ።»